አትንቀሳቀስ!

ሦስት ሕፃናት፣ አምስት ጎልማሶችና አንዲት የ82 ዓመት እናት ባንድ ላይ ፎቶግራፍ ለመነሣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ከ2017 ዓ.ም. ገና በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ «ግማሽ ሰዓት» ብዬ በድፍረት እመልስላችሁ ነበር። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የቆየነው በእርግጥም አንድ ሰዓት አይሞላም። ዝግጅቱ ግን አሥር ቀን ፈጀ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ 54 ዓመት ነው የፈጀው።

ነገሩን ያመጣችው ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጄ ናት። ለገና ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣችና ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ «አባዬ፣ አራቱም ትውልድ አንድ ላይ ሆኖ የሚታይበት አንድ ፎቶ እንኳ የለንም እኮ» አለች። እውነቷን ነው። በየስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አለ፤ የልጆቹ ቁርስ፣ የልጆቹ ጫማ፣ የልጆቹ የወለቀ ጥርስ ሳይቀር። እናቴ ግን የለችበትም። ካለችም ወይ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ወይ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች፣ ወይ ደግሞ የነጠላዋ ጫፍ ብቻ በበሩ በኩል ሲወጣ ይታያል። ለመታወቂያና ለባንክ ደብተር ከተነሣችው ጉርድ በስተቀር ካሜራ ፊት ተስተካክላ የተቀመጠችበትን ቀን አላስታውስም። በራሴ የሠርግ አልበም ውስጥ እንኳ የእናቴን ቦታ የሞላችው አክስቴ ናት።

«እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ተነሡ» ትላለች። ምክንያቱ እንደየጊዜው ይለያያል። አንድ ቀን ወገቧን ያማታል፣ ሌላ ቀን መብራቱ ዓይኗን ይወጋታል፣ ደስ ያላት ቀን ደግሞ «የኔ ፊት ካሜራውን ይሰብረዋል» ብላ ታስቀን እና ወደ ማድ ቤት ትገባለች።

እኔ ግን ትክክለኛውን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ወይም የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በዳዊቷ ገጾች መሐል ተቀምጧል። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው፤ በ1963 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ደሴ የተነሣነው። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የለበሰው የባለፎቶ ቤቱን ኮት ነው፤ እጅጌው ስላጠረው የእጅ ሰዓቱ ሆን ተብሎ የወጣ ይመስላል፤ ምናልባትም ሆን ተብሎ ነው። እናቴ በቀኙ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባለች። ከኋላችን በሸራ ላይ የተሣለ ሐይቅና ዘንባባ አለ። በጎን በኩል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የማይሠራ ሬዲዮና የፕላስቲክ አበባ። ከፊት እኔ እንደ ወታደር ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ፤ 7 ዓመቴ ነው። እጁን የያዝኩት የ3 ዓመት ወንድሜ ነው። እግሮቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። ቁምጣው፣ እናቴ የሠራችለት የሱፍ ሹራብ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠሩት ቁልፎቹ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ፊቱ ግን የለም። ፊቱ በነበረበት ቦታ ላይ እንደ ጭስ ያለ ነገር አለ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኩፍኝ ወሰደው። የክትባቱ ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሌላ ፎቶግራፍ የለውም።

ያኔ ልጅን ለፎቶግራፍ ማዘጋጀት እንደዛሬው አስቸጋሪ አልነበረም፤ የልጁን ፈቃድ የሚጠይቅ ስላልነበረ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ፣ ለጥምቀት የተገዛው ልብስ ሳይቆሽሽ በማግስቱ ፎቶ ቤት መሄድ ነው። ጠዋት በሳፋ ታጠብን። ፊታችንን፣ እጃችንን፣ ጉልበታችንን ቫዝሊን ተቀባን። ለከርሞም እንዲሆነኝ ተብሎ በሰፊው የተገዛው ጫማዬ ጫፍ ላይ ጨርቅ ተጎሰጎሰልኝ። መንገድ ላይ አባቴ ትእዛዙን ደረደረ፦ «አትሣቅ። አፍህን ዝጋ። ዓይንህን አታርገብግብ። ከሁሉም በላይ አትንቀሳቀስ።» ሣቅ በዚያን ዘመን ለፎቶግራፍ አይሆንም ነበር። ፎቶግራፍ ማለት ከሞትክ በኋላ ግድግዳ ላይ የምትሰቀልበት ስለሆነ ቁም ነገረኛ መሆን አለብህ።

ፎቶ ቤቱ ጨለም ያለ፣ የመድኃኒት ሽታ ያለው ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ መስታወት፣ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ በምስማር የተንጠለጠሉ ከረባቶች። ሰውየው ከእንጨት በተሠራው ካሜራ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ወንድሜ እጄን አጥብቆ ያዘኝ። መብራቱ ደካማ ስለነበር የካሜራው ዓይን ለአንድ አፍታ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚያች አፍታ ውስጥ የቆመ ነገር ይታተማል፤ የተንቀሳቀሰ ነገር ይሟሟል። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

«ትንሹ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ሌላ ልድገም?» አለ ሰውየው።

«ሌላ ከሆነ ሂሳቡ ይጨምራል?» ሲል አባቴ ጠየቀ።

«ይጨምራል።»

«እንግዲያው ይበቃል። ለከርሞ ጥምቀት ደግመን እንነሣለን።»

በቤታችን የሚታወቀው ታሪክ እንዲህ ነው፤ ወንድሜ የተንቀሳቀሰው አባቴ በመጨረሻዋ ሰዓት «አትንቀሳቀስ!» ብሎ ስለጮኸበት ነው። አባቴ ራሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እንዲያ ይል ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አውቃለሁ። ወንድሜ ሲቁነጠነጥ፣ አባቴ የሚቆጣው እኔን እንደሆነ ስለገባኝ፣ ክንዱን ቆነጠጥኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ካሜራው የተከፈተው ያኔ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር 61 ዓመት ሞላኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍቀድልኝና ጥቂት ዘወር ልበል። «አትንቀሳቀስ» የሚለው ትእዛዝ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የዳጌር ፈልሰፋ በ1839 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለማተም ደቂቃዎች ይፈልግ ነበር። ጊዜው እያጠረ ቢመጣም ለሕፃን ሴኮንዶችም ዘመን ናቸው። ስለዚህ በዚያ ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓና የአሜሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ ዘዴ ዘየዱ። እናትየውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በጨርቅ ይሸፍኗታል፤ ሕፃኑን ጭኗ ላይ ያስቀምጡታል፤ በጨርቁ ሥር ሆና ጥብቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ምስሉ ሲታተም ሕፃኑ ምንጣፍ በለበሰ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ወንበሩ ትከሻ አለው፤ አንዳንዴም ጣት አለው። ከእነዚህ ምስሎች ጥቂቶቹን ያየሁ ቀን ያቺን ነጠላዋን እስከ አገጯ የሳበችውን እናቴን አስታወሱኝ።

የኛም አገር ልጅ በዚህ ፈተና አልፏል። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በመንገድ ላይ በሞት ተነጥቆ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ክረምት ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቀመጠ። የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ካሜሮን የምትሠራው በመስታወት ላይ ነበር፤ የተነሺው ትዕግሥት የሚለካውም በሴኮንድ ሳይሆን በደቂቃ ነው። በአንዳንዶቹ ምስሎች አብሮት ያለው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው። ልጁን ማን እንዳዘጋጀው፣ በምን ቃል «ዝም በል» እንዳለው አሰብኩ። ምናልባት በአማርኛ ይሆናል። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ እንዲያ ያለ ኀዘን ያረፈበት የልጅ ፊት ግን ብዙ አላየሁም። በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንድዘር ተቀበረ። አንዳንዴ ጥርት ብሎ መውጣትም ምን ያደርጋል ያሰኛል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ሦስቱን ልጆች የማዘጋጀቱ ሥራ ጡረተኛ በመሆኔ ለኔ ተሰጠ።

ሁለቱ ከባሕር ማዶ የመጡት፣ የ7 ዓመቷና የ5 ዓመቱ፣ ካሜራ አይፈሩም፤ ችግሩም እሱ ነው። ገና ስልክ ሲያዩ ትልቋ ጥርሷን ሁሉ አውጥታ «ቺዝ» ትላለች፤ ትንሹ ሁለት ጣቱን አንሥቶ ምላሱን ያወጣል። ይህ ለነሱ ሣቅ አይደለም፤ ሰላምታ እንደ መስጠት ያለ ልማድ ነው። በ3 ሴኮንድ ጨርሰው ይበተናሉ። የልጄ የወንዱ ልጅ የሆነችው የ3 ዓመቷ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ነጭ ነገር የለበሰ ሰውና ነጭ ክፍል ካየች እሪታዋን ታቀልጠዋለች። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ቤት ውስጥ «ካላረፍሽ መርፌ ነው የማስወጋሽ» ሲባል ሰማሁ። ፎቶ ቤቱ ነጭ ግድግዳና በጃንጥላ የተሸፈነ መብራት ያለበት ስለሆነ፣ እዚያ ስትደርስ ሐኪም ቤት መስሏት እንደምታለቅስ ታየኝ።

ስለዚህ አስቀድሜ ለብቻዋ ወሰድኳት፤ ሳንነሣ። ጃንጥላውን ነካችው። ባለሙያው፣ ወጣትና ትዕግሥተኛ ልጅ ነው፣ መብራቱን ቦግ አድርጎ አሳያት፤ ከዚያም እንድታበራው ፈቀደላት። አምስት ጊዜ አበራችው። ስንወጣ ቻው አለችው። ካደረግኩት ዝግጅት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሌላውማ ከንቱ ነበር። በረንዳ ላይ ወንበሮች ደርድሬ ልምምድ ጀመርኩ። ሐውልት የመሆን ጨዋታ ፈጠርኩ፤ ሳጨበጭብ ሁሉም ይደርቃሉ፤ የተንቀሳቀሰ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ደስ አላቸው። በሁለተኛው ቀን የ5 ዓመቱ ትንሿን ገፍትሮ አስለቀሳትና «እሷ ናት የተንቀሳቀሰችው» አለ። በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ ተነሥቼ «አትንቀሳቀሱ አላልኩም!» ስል ድምፄን ሰማሁት። የኔ ድምፅ አልነበረም፤ የአባቴ ነው። ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸውና ጨዋታው በዚያው ቀረ።

ሰዓቱን በትንሿ እንቅልፍ ቀመርነው። ምሳ በልታ ስለምትተኛ ቀጠሮው ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ቸኮሌት ተከለከለ፤ ደረቅ ዳቦና ውሃ ብቻ ተፈቀደ። ለሁሉም ከሽሮ ሜዳ ባንድ ዓይነት ጥለት የተሠራ ያገር ልብስ ተገዛ። ልብሱ በፌስታል ሆኖ ሄዶ እዚያው እንዲለበስ ወሰንኩ፤ ነጭ ልብስ ለብሶ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ የት እንደሚጠርገው አይታወቅምና። ምራቴ ግን ቤት አልብሳ ካላየችው አልሆን አላት።

በመሐሉ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ለቀጠሮው ስሄድ ያን አሮጌ ፎቶግራፍ ከዳዊቱ ውስጥ አውጥቼ ለወጣቱ ባለሙያ አሳየሁት። ለማደስ ይቻላል ወይ ስል ጠየቅኩት። እኔ የፈለግኩት ጭረቱን እንዲያጠፋልኝ ነበር። በማግስቱ ሲደውልልኝ በጣም ደስ ብሎት ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ነገር የወንድሜን ፊት ሠርቶልኛል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ግንባሩ ላይ የወረደች ፀጉር። ልቤ ቀጥ አለ። ማሽኑ ፊቱን ከጭሱ ውስጥ ቆፍሮ ያወጣው መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲያስረዳኝ ግን ከዚያ ጭስ የተገኘ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማሽኑ ስፍር ቁጥር የሌለው የሰው ፊት ተምሯል፤ ከዚያ ውስጥ ለቦታው ይስማማል ያለውን ገመተና አስቀመጠ።

ያም ሆኖ አሳትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እሷም የጀመረችውን ምስር መልቀሟን ቀጠለች። ልጆቹ ተኝተዋል። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና እንዴት እንደወጣኝ ሳላውቀው ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ያን ቀን እኔ ቆንጥጬው ነው።»

ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ክንዱ ላይ ቀልቶ ነበር። ማታ ሳጥበው አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«የ7 ዓመት ልጅ ምን ልልህ ኖሯል? ደግሞስ አንተ ባትቆነጥጠው ዝም ብሎ ሊቆም ነው? ሹራቡ ነው እኮ።» አንዲት ጠጠር አገኘችና ወረወረቻት። «የሱፍ ክሩ ሻካራ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁት። ከቤት ስንወጣ ጀምሮ አንገቱን ይፍቀዋል። ‹አውልቂልኝ እማዬ› አለኝ። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ‹አውልቂልኝ› አለኝ። ስንጨርስ አልኩት። ሠርቼለት ሳይታይልኝ ሊቀር ነው ብዬ።»

ዝም ተባባልን።

«አባትሽም... አባቴም እኔ ስለጮህኩበት ነው ይል ነበር» አልኩ፤ አንደበቴ እየተሳሰረ።

«ይል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። እዲያ! ለሦስታችንም ደረሰን» አለችና ሰፌዱን አራግፋ ተነሣች። ፎቶግራፉን ትነሣለች አትነሣም የሚለውን ልጠይቃት አልደፈርኩም።

በቀጠሮው ዕለት ሁላችንም ነጭ ለብሰን ግቢው ውስጥ ተኮለኮልን። እናቴ የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ልትሸኘን ወጣች። የ3 ዓመቷ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ እናቷ እግር ሥር ትነጫነጫለች፤ አንገቷን እያሻሸች። እንቅልፍ ያልጠገበች መስሎን ዝም አልናት። እናቴ ግን መጣችና ጣቷን በቀሚሱ አንገት ውስጥ አስገብታ ዳበሰችው። የጥልፉ ጀርባ ነው። በወርቅማ ክር የተሠራ ጥልፍ ፊቱ ቢያምርም ጀርባው እንደ እሾህ ነው።

«ይሄ ይከረክራታል» አለች። «አውልቁላት።»

«እማማ፣ አንድ ዓይነት እኮ ነው የተሠራው...» ምራቴ ጀመረች። ዋጋውን ሳይቀር ልትናገር ነበር።

«አውልቂላት አልኩሽ የኔ ልጅ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ቀሚሱ ወለቀ። እናቴ ወደ ቤት ገባችና ልጅቷ ስትተኛ የምትለብሳትን፣ ብዙ ጊዜ ከመታጠቧ የተነሣ የላላች፣ ዳክዬ ያለባት ቢጫ ካናቴራ አመጣች። ራሷ አለበሰቻት። ትንሿ ጸጥ አለችና ሁለት እጇን እናቴ አንገት ላይ ጠምጥማ አልወርድ አለች። መኪናው እየጠበቀ ነው። ልንነጥላት ስንሞክር ጮኸች። እናቴ ለማንም ምንም ሳትል ልጅቷን እንዳቀፈች መኪና ውስጥ ገባች። ልጄ ሮጣ የእናቴን የክት ነጠላ ከቁም ሳጥን አውጥታ አመጣች።

ፎቶ ቤት ውስጥ እናቴን መሐል አስቀመጥናት። ትንሿ ጭኗ ላይ፣ ትልቋ በቀኝ፣ የ5 ዓመቱ በግራ። ትልቋ «ቺዝ» ልትል አፏን ከፈት ስታደርግ ባለሙያው «በቨርጂኒያ ዶሮ እንዴት ነው የምትጮኸው?» አላት። እሷ በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ ወንድሟ «አይደለም!» ብሎ ሣቀ። መብራቱ ቦግ አለ። ብዙ ጊዜ ቦግ አለ። ወጣቱ በመሐል ወደ ካሜራው አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ትንሿ ዞራብናለች» አለ። «እማማ፣ ፊቷን ወደኔ ቢመልሷትና ቢይዟት።»

«እስቲ አሳየኝ» አለች እናቴ።

ካሜራውን ይዞ መጣና ጎንበስ ብሎ በጀርባው ያለችውን ትንሽ መስኮት አሳያት። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ሁላችንም በነጭ ልብስ ወደ ፊት አፍጥጠናል። ትንሿ ብቻ በቢጫ ካናቴራዋ ወደ እናቴ ዞራለች፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጎተተች። ዛሬ ብርሃኑ የሚፈጀው የዓይን እርግብታን ያህል እንኳ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አይሟሟበትም። የጎን ፊቷ፣ የዓይኗ ሽፋሽፍት ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እናቴ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች።

«ሌላ ብንነሣ ሂሳቡ ይጨምራል?» አለችው።

«አይጨምርም እማማ፤ የፈለጉትን ያህል ነው።»

«እንግዲያው ድገመው» አለች። «እሷን ግን እንዳትነካኩብኝ።»